ሱሪው ጠበበ ወይስ እኔ ሰፋሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከአዳማ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ዕድሜ ነው። ከአምደኞቹ ሁሉ ፀጉሬ ቀድሞ የነጣው እኔ ስለሆንኩ አዘጋጆቹ ጠቅልለው ወደ እኔ ገፏቸው። አስቀድሜ ልናገር፤ ሐኪም አይደለሁም። ፖስታ ቤት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን ሐኪም ያላየውን አይቻለሁ። ሰው ለሐኪም ይዋሻል፤ ለሜትር ግን መዋሸት አይችልም። ይሞክራል እንጂ!

ጋሼ፣ 54 ዓመቴ ነው። ባንክ ነው የምሠራው። ቦርጬ ከእኔ ቀድሞ ቢሮ ይገባል እያሉ ይቀልዱብኛል። ጥያቄዬ አጭር ነው። ሱሪዬን ከቦርጩ በላይ ልታጠቅ ወይስ በታች? ባለቤቴ በላይ ትላለች። ልጄ ደግሞ «ሽማግሌ ትመስላለህ» ይለኛል።
ቀበቶ ያስጨነቀው፣ ከመብራት ኃይል

ወንድሜ፣ ሚስትህ ልክ ናት። ልጅህን ተወው፤ እሱ ገና ወገብ የለውም።

ወንድ ልጅ የወገብ ቁጥሩን የሚያጠናው በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሞቶ ይገኛል እንጂ አይቀይራትም። ሱቄ ይገባና «ጋሼ፣ 34 ነኝ» ይለኛል። ሜትሩን ሳዞርበት ትንፋሹን ውጦ፣ ሆዱን ወደ ጀርባው ስቦ፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይተክላል። እኔም አልከራከርም። ሜትሩን እንደያዝኩ «ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ?» እለዋለሁ። ለመመለስ መተንፈስ አለበት። ሲተነፍስ ሆዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እኔም 40 ብዬ እጽፋለሁ። ጮክ ብዬ አላነበውም። የዚህ ከተማ ትልልቅ ሰዎች ምስጢር ደብተሬ ውስጥ ነው። አብሮኝ ይቀበራል።

ደግሞ «34 ነኝ» የሚለው ሰው ሁልጊዜ አይዋሽም። ቀበቶው ከቦርጩ ሥር ስለወረደ እዚያ ጋ እውነትም 34 ነው። ጣጣው የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ሱሪው ከፊት ሲወርድ መቀመጫው ከኋላ ይንጠለጠላል። እግሩ ይረዝምና ጫማ ሥር ይገባል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሱሪውን ሲጎትት ይውላል። የሰው ብር የሚቆጥር ሰው ደግሞ እጁ ሥራ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ስለዚህ እምብርትህ ላይ ወይም አንድ ጣት ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ሱሪ አሰፋ። ከወገቡ እስከ ጉያው ያለው ርዝመት ከልጅህ ሱሪ ይብለጥ። ፊት ለፊት ሁለት እጥፋት ይኑረው፤ ስትቀመጥ ይከፈትልሃል። ከኋላ መሀል ስፌቱ ላይ ትርፍ ጨርቅ ማስተው አትርሳ፤ ሁለት ሦስት ጣት ይበቃል። የድሮ ሰፊ ይህን ሳይጠየቅ ነበር የሚያደርገው። ሙሽራውን እያየ የአሥር ዓመት በኋላውን ሰውዬ ያስብለት ነበር። የዛሬው ተዘጋጅቶ የመጣ ሱሪ ጨርቅ ተቆጥቦበት ስለተሰፋ ግማሽ ጣት አይተርፈውም። አንተ ስትሰፋ እሱን መጣል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልንገርህ። ከዝቅተኛው የጎን አጥንትህና ከዳሌ አጥንትህ መሀል ሜትር አዙርና ሳትስበው ለካ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ተጠንቀቅ ይላል። 102 ካለፈ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋቱ በጣም ይጨምራል። 102 በእኛ ሜትር 40 ኢንች መሆኑ ነው። ለሴት 80 እና 88 ነው። ካለፍክ መጀመሪያ ደም ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ፤ ሱሪው ይደርሳል።

ጋሼ፣ መምህርት ነኝ። 46 ዓመቴ ነው። ሞባይል ለማንበብ እጄን እየዘረጋሁ እየዘረጋሁ አሁን እጄ አጠረኝ። መንገድ ላይ ከሚሸጡት መነጽር አንድ ገዛሁ። ጓደኛዬ «መነጽር ከለመድሽ ዓይንሽ ይሰንፋል» አለችኝ። እውነት ነው?
እጇ ያጠራት፣ ከፍራንኮ

እህቴ፣ ጓደኛሽ ተሳስታለች። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ነው። ቅርብ ስናይ ይጎብጣል፣ ሩቅ ስናይ ይሳሳል። ዕድሜ ሲገፋ እየደረቀ ይሄድና ከ40 በኋላ አልጎብጥም ይላል። ሚኒስትርም ሆንሽ ጉሊት ቸርቻሪ አይቀርልሽም። መነጽር አደረግሽም አላደረግሽም መድረቁን አያቆምም። እስከ 60 ገደማ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይጨምራል።

በእኛ ሙያ ነገሩ ቶሎ ይታወቃል። ክሩን በምራቅ ታርጥቢያለሽ፣ በጣት ታሾይዋለሽ፣ ወደ በሩ ዞረሽ መርፌውን ብርሃን ላይ ትይዣለሽ። ክሩም በጎን በኩል ዘና ብሎ ያልፋል። እንደገና ትሞክሪያለሽ፤ አሁንም ያልፋል። አጠገቤ የሚሠራው ወጣት ዝም ብሎ ያየኛል። «ልርዳዎት?» ቢለኝ እንደማልወድ ያውቃልና ጠዋት ጠዋት እኔ ሳልገባ አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቶ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰክቶልኝ ይጠብቃል። ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም። ለራሱ ለሚሞክር ሰው ግን አንድ ዘዴ አለ። ከመርፌው ጀርባ ነጭ ጨርቅ ያኑር፤ ቀዳዳዋ ብቅ ትላለች።

የመንገዱ መነጽር ለጊዜው ያገለግልሻል። ግን ሁለቱም መስታወት አንድ ቁጥር ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ ግራና ቀኙ ላይለካካ ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን እሱም አይደለም። ግላኮማ የሚባል በሽታ አለ። ሳያምም፣ ሳያሳክክ ከዳር ከዳር እይታ ይሰርቃል። የሄደው እይታ አይመለስም፤ የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል። ከ40 በኋላ ሐኪም ፊት ቀርቦ የዓይን ግፊት መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሞባይሉ ላይ ደግሞ ፊደል ማተለቂያ አለ። ተማሪዎችሽ በአንድ ደቂቃ ያሳዩሻል፤ ሊስቁብሽ ይችላሉ፣ ይሳቁ።

ጋሼ፣ ገና 58 ዓመቴ ነው። ባለፈው የባጃጅ ሹፌር «ፋዘር፣ ይግቡ» አለኝ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ እኩያዬ የምትመስል ሴት ተነስታ ወንበር ለቀቀችልኝ። ደሜ ፈላ። ምን ልበል?
ገና ነኝ ባይ፣ ከገበያ አካባቢ

ለመሆኑ ወንበሩ ላይ ተቀመጥክ ወይስ አልተቀመጥክም? ደብዳቤህ ላይ ዘለልከው። ከተቀመጥክ ምን ያማርርሃል?

ሁላችንም በዚያው መሰላል ነው የምንወጣው። መጀመሪያ ማሙሽ ነበርን። ከዚያ ወንድም ሆንን። ጋሼ ሲሉን ደስ አለን፤ ከጋሼነቱ ጋር ግን ብድር ጠያቂ መጣ። ፋዘር ያለማስጠንቀቂያ ነው የሚመጣው፤ አንድ ቀን ፂምህን ሳትላጭ ከወጣህ በቃ። አባባ ከደረስክ በኋላ ግን ኑሮ ይቀላል። ዕቃ አታነሳም። ሰልፍ ላይ ከፊት ያስቀድሙሃል። ለቅሶ ቤት ንፍሮው መጀመሪያ የሚደርሰው አንተ ጋ ነው። ወንድ ልጅ ያለው ጎረቤት ሁሉ ደግሞ ለሽምግልና ይፈልግሃል። ጋቢህን አሳጥብ። የሴቷ ወገኖች «ሄዳችሁ ተመለሱ» እያሉ ሲያመላልሱህ ወንበር የለቀቀችልህን ሴት ታመሰግናታለህ።

እኔ የምታዘበው ባጃጁን ራሱን ነው። ድሮ በዚህ ከተማ በጋሪ ነበር የምንሄደው። ባለጋሪው ከፈረሱ ጋር እንጂ ከተሳፋሪ ጋር ብዙ አያወራም፤ ስለዚህ ማንም ፋዘር አይለንም ነበር። ጋሪ ላይ ወጥተህ ትቀመጣለህ፣ ከተማውን ከላይ ታያለህ። ባጃጅ ውስጥ ግን ታጥፈህ ነው የምትገባው። ጭንቅላት አታስቀድም። ጀርባህን ሰጥተህ መጀመሪያ መቀመጫህን አስገባ፣ ከዚያ እግርህን አንድ በአንድ ሰብስብ። ስትወርድ በተቃራኒው። በዚህ መንገድ ከገባህ ጉልበትህም አይንቋቋም፣ ሹፌሩም ዕድሜህን ለመገመት ጊዜ አያገኝም።

ጋሼ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ግን አዳማ ናት፤ 71 ዓመቷ ነው። በቴሌብር ገንዘብ እልክላታለሁ። እሷ ስልኳን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ታስወጣለች። የሚስጥር ቁጥሯን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስቆጣት «የሰው ልጅ አትጠርጥሪ» ትለኛለች።
የጨነቃት ልጅ

ልጄ፣ እስቲ በእናትሽ በኩል ሆነሽ እዪው። በ2013 መስከረም ላይ ብሩ መልኩን ቀየረ፤ 200 ብር የሚባል ኖት መጣ። እሱን ሳትለምደው እዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር ተጀመረና ብሩ ጭራሽ ስልክ ውስጥ ገባ ተባለች። ስሙኒና ሽልንግ መቀነቷ ላይ ቋጥራ ያደገች ሴት ብትደናገር ይፈረድባታል? እሷ ገንዘብ የምታውቀው ከፊት ጋር ነው። ዕቁቡን የሰበሰበውን ዳኛ ታውቀዋለች፣ ቤቱን ታውቀዋለች፣ አባቱንም ታውቀዋለች። የጎረቤቱንም ልጅ ያመነችው በዚያው ሒሳብ ነው።

ልጁ ጨዋ ነው እንበል። ጨዋ ልጅም ጓደኛ አለው። ስለዚህ በስልክ መቆጣትሽን ተይና እሁድ ነይ። ፈጣኑ መንገድ በ2007 ከተመረቀ ወዲህ «አዳማ ሩቅ ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም። አጠገቧ ተቀመጪና ቁጥሩን አስቀይሪያት። የልደት ዓመቷን አታድርጉት፤ ሰፈሩ እሱንም ያውቀዋል። እሷ ብቻ የማትረሳው ነገር አይጠፋም፤ እሷው ትምረጥ። ስልኩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ እንዳላገኘው! (አይቻለሁ። በቀይ እስክሪብቶ ነበር።) ከዚያ አሥር ብር ትላክልሽ፣ መልሰሽ ላኪላት፣ እንደገና ትላክ። እጇ እስኪለምድ ተጫወቱበት። የላከችው ብር ሌላ ክፍል ውስጥ ባለው ስልክሽ ላይ «ቲንግ» ሲል ከሰማች በኋላ ማቆሚያ የላትም።

አንዱን ነገር ግን ደጋግመሽ ንገሪያት። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ብሎ የሚደውል ሁሉ ሌባ ነው። እውነተኛ ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። ልጁን ደግሞ አታስቀይሙት። ካርድ ይሙላላት፣ ፎቶ ያሳያት፣ ቡና ሲፈላ ይጠራ። ቁጥሩ ብቻ ይቅርበት።

ጋሼ፣ የ19 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አያቴ ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር ይሉኛል። በእውነት ድሮ ይሻል ነበር?
ተጠራጣሪው

ግማሹ ይሻል ነበር። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ላይ ግን ከአያትህ ጋር ላንስማማ እንችላለን።

ባቡሩን ለምሳሌ ውሰድ። በዚያን ጊዜ ጨርቅ የሚመጣልን ከድሬዳዋ በባቡር ነበር። ከባቡሩ የሚወርዱ ነጋዴ ሴቶች ሁሉም ወፍራም ናቸው። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርበው፣ ከውስጥ ናይለኑን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ነው ፈታሾችን የሚያልፉት። የጌታዬ ሱቅ ጓዳ ገብተው ሲወጡ ቀጭን ይሆናሉ። እኔ ተለማማጅ ልጅ ስለነበርኩ ገንዘብ ሰውን ያከሳል ብዬ አምን ነበር። ጣቢያው ላይ ደግሞ ብርቱካን ሻጭ፣ ዘመድ ተቀባይ፣ ሥራ ፈት፣ ሁሉም አለ። ባቡር ማየት ብቻውን አንድ ጉዳይ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመረቀ። ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው። በመስኮቱ ግን ብርቱካን አይገዛም። ይህን ለድሮ አስመዝግብ።

ልብሱንም እንደዚሁ። አንድ ሰው አንድ ሱፍ ነበረው። በእሱ ያገባል፣ በእሱ ልጅ ክርስትና ያስነሳል፣ በእሱ ለቅሶ ይደርሳል። ፀሐይ ሲበላውና ሲነጣ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛም ስፌቱን ሙሉ በሙሉ ፈተን፣ ጨርቁን ገልብጠን፣ ያልነጣውን የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ አድርገን እንደገና እንሰፋዋለን። ኮቱ አዲስ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ያሳብቃል። በግራ ደረት ላይ የነበረችው ትንሿ ኪስ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ከተማው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገርም። መሐረቡን በቀኝ ኪሱ የሰካ ሰውዬ ሲያልፍ «እንኳን ደስ ያለህ፣ አምሮብሃል» ነበር የምንለው። ዛሬ ልጆቹ አንድ ወር ያልለበሱትን ይጥላሉ። እኔ እንኳ አሁን ኮት የምገለብጥለት ሰው የለኝም፤ ሙያው እጄ ላይ ቀረ።

አሁን ደግሞ አያትህ የማይነግሩህን ልንገርህ። እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን የኢትዮጵያ ሰው አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት አካባቢ ነበር። ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ነው፤ ከዚያ በፊት ልኩን ስወስድለት ፊቱ በጠባሳ ያልተበሳሳ ደንበኛ የለም ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ጎረቤት ቤት ስድስት ተወልዶ ሦስት ማደጉ ወግ ነበር። ድሮ ጥሩ ነበር የሚሉህ የተረፉት ናቸው። ሌሎቹ አስተያየት አልሰጡም።

ነፋሱስ? ያው የድሮው ነው። ጠዋት የተኮስኩትን ነጭ ሸሚዝ ከሰዓት በኋላ ቡናማ አድርጎ ይመልስልኛል። አሁን ግን ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይን ተተክሎበት መብራት ያመነጫል። ከ2004 ጀምሮ ነው። በልጅነታችን አንድ ሰው ይህ አቧራ አምጪ መብራት ይሰጣችኋል ቢለን ጠበል እንወስደው ነበር። መብራት ሲጠፋ ግን የወጣቱ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ቀጥ ይላል፤ የእኔ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ደግሞ እንደ ወትሮው ይጮኻል። ያን ቀን ከሰፈሩ ሁሉ ወጣቱ እኔ ነኝ።

ሌሊት 10 ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። 66 ዓመቴ ነው። በሽታ ይሆን?
ያልተኛች

ስንት ሰዓት ነው የሚተኙት እትዬ? የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና እያዩ አንገትዎ ከወደቀ፣ 10 ሰዓት ላይ ስምንት ሰዓት ሞላዎት ማለት ነው። በዕድሜ የሰውነት ሰዓት ወደፊት ይቀድማል፤ ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎ ይቀሰቅሳል። ዜናውን ቆመው ይዩት። ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡና ደግሞ ይቀንሱ፤ በረካውን ለጎረቤት ይተዉላቸው። ቀን ቀን እያንቀላፉ የሚቸገሩ ከሆነ፣ ወይም በእንቅልፍዎ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ ግን ሐኪም ይዩ። በነገራችን ላይ ይህ የአዳማ ሙቀት ነውና ውሃ ይጠጡ። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ይደክማል፤ ሰውነት ደርቆም «አልጠማኝም» ይላል። ማታ ብዙ አይጠጡ እንጂ፤ እሱም 10 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳል።

ማሳሰቢያ ለሱሪ ላኪዎች። ባለፈው ወር ስለ ማስፋት ከጻፍኩ በኋላ አንዳንድ አንባቢያን ሱሪያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ መጽሔቱ ቢሮ ልከዋል። እባካችሁ አትላኩ። ቢሮው የስፌት መኪና የለውም። በተለይ ቡናማውን፣ ወገቡ 38 የሆነውን የላኩት ሰው ቶሎ መጥተው ቢወስዱ ይሻላል። አዘጋጁ ለብሶት ሲንጎራደድ አይቼዋለሁ፤ ልኩ ነው።